ከቤት ፍሳሽ የሚነበብ የበሽታ ዜና

ጠዋት ፊታችንን የታጠብንበት፣ ሳህን ያለቀለቅንበትና ከመጸዳጃ ቤት የለቀቅነው ውኃ በቧንቧ ገብቶ ከዓይናችን ከተሰወረ በኋላ ስለ እርሱ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ፍሳሹ ግን ከሰውነታችን ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። ከእነዚህም መካከል የበሽታ አምጪ ቫይረሶች ይገኙበታል። የአንድ ሠፈር ፍሳሽ በአንድ ቦይ ሲገናኝ፣ ሠፈሩ በአንድነት የሰጠው የላቦራቶሪ ናሙና ሆነ ማለት ነው። ይህን ናሙና በየጊዜው እየቀዱ በመመርመር አንድ የቫይረስ በሽታ መግባቱን፣ መስፋፋቱንና መቀነሱን መከታተል ይቻላል።

በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ተረት የሚመለከተው መታመሙን እያወቀ የሚደብቀውን ሰው ነው። መታመሙን ጨርሶ የማያውቀውስ? ሐኪም ቤት የማይሄደው፣ ትኩሳት የሌለው፣ ነገር ግን በሽታውን ለጎረቤቱ ልጅ የሚያስተላልፈው ሰው በየትኛው መዝገብ ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍሳሽ ምርመራ ለዚህ ጥያቄ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ፣ መልሱም ምን ያህል እንደሚታመን በቀላል ስሌት ማሳየት ነው።

ዘግይቶ የሚደርሰው መልእክተኛ

የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ ለዚህ ትምህርት የተሻለው ምሳሌ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ ገብቶ በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከሰገራ ጋርም ለበርካታ ሳምንታት ይወጣል። ከተያዙት ልጆች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አይታይባቸውም። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት ሽባ የሚሆነው ከ200 ያህል የተያዙ ሰዎች አንዱ ነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። አንድ የተያዘ ልጅ ክትባት በሌለበት ሠፈር በሽታውን ለአምስት ሌሎች ያስተላልፋል እንበል። እነዚያ አምስቱ ለ25፣ 25ቱ ለ125፣ 125ቱ ደግሞ ለ625 ያስተላልፋሉ። እስከ 125ቱ ድረስ ያሉትን ስንደምር 156 ሰዎች ይሆናሉ። ከ200 አንድ በሚለው ሒሳብ በእነዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሽባ የሆነ ልጅ ላይኖር ይችላል። ቀጣዩ ዙር ሲጨመር የተያዙት 781 ይደርሳሉ፤ በዚህን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ልጆች እግራቸው ይዝላል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ልጅ ሲያይ እሳቱ ሠፈሩን አዳርሷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሽባ የሆነው ልጅ የወረርሽኙ የመጀመሪያ ምልክት ሳይሆን ዘግይቶ የደረሰ መልእክተኛ ነው። ለዚያ ልጅና ለወላጆቹ ደግሞ መልእክቱ መድኃኒት የሌለው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ልጁ ሳይታመም በፊት የነበሩትን 156 ሰዎች ማየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ሰዎቹ ራሳቸው አይታዩም። ሰገራቸው ግን በፍሳሹ ውስጥ አለ።

ሐሳቡ ከየት ተነሣ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ጆን ፖልና ጄምስ ትራስክ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ከከተማዋ ፍሳሽ ናሙና ወስደው መረመሩ። በዚያን ዘመን ቫይረስን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በቀላሉ ማራባት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ናሙናውን በዝንጀሮዎች ላይ ሞከሩት፤ ቫይረሱም በፍሳሹ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ።

ከስድሳ ዓመታት በኋላ በፊንላንድ የተደረገው ሙከራ ደግሞ የፊዚክስ ተማሪን ይበልጥ ይስባል። ተመራማሪዎቹ በክትባት ውስጥ ያለውን የተዳከመ የፖሊዮ ቫይረስ ከሄልሲንኪ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ መጸዳጃ ውስጥ ለቀቁት። ከዚያም በጣቢያው በር ላይ ተከታታይ ናሙና ወሰዱ። በአጭር ጊዜ ውስጥ የተለቀቀው ቫይረስ በጣቢያው ለአራት ቀናት ያህል ሲገኝ ቆየ።

አንድ አጭር ምት እንደዚህ የተዘረጋው ለምንድን ነው? በቧንቧው መካከል ያለው ውኃ በፍጥነት ሲፈስ ከግድግዳው አጠገብ ያለው ይዘገያል። ቫይረሶቹም በደቃቅ የሰገራ ቅንጣቶች ላይ ይጣበቃሉ፤ ቅንጣቶቹ በቧንቧው ወለል ላይ ያርፋሉ፤ ኋላም ፍሳሹ ሲበረታ ተነሥተው ይጓዛሉ። ለእኛ ጉዳይ ይህ መልካም ዕድል ነው። ቫይረሱ በአንድ ቅጽበት አልፎ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ናሙና ቀጂው በዚያች ቅጽበት መገኘት ነበረበት።

ስሌቱ፦ በባሕር ውስጥ አንዲት ጠብታ

አሁን 100,000 ሕዝብ የሚኖርባትን፣ ፍሳሿም ሁሉ ወደ አንድ ጣቢያ የሚወርድ ከተማ እናስብ። እያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 150 ሊትር ውኃ ይለቃል ብንል፣ ጣቢያው በቀን 15,000,000 ሊትር ፍሳሽ ይቀበላል። በፖሊዮ የተያዘ አንድ ልጅ በቀን እስከ 10,000,000 የሚደርሱ በሽታ ማስተላለፍ የሚችሉ ቫይረሶችን ሊያስወጣ ይችላል። ሁሉም ቢደርሱና በእኩል ቢበተኑ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚኖረው አማካይ ብዛት 10,000,000 ሲካፈል ለ15,000,000፣ ማለትም 0.67 ይሆናል።

ሁለት ሦስተኛ ቫይረስ የሚባል ነገር የለም። የቁጥሩ ትርጉም ከሦስት ሊትር ፍሳሽ በአማካይ ሁለት ቫይረሶች ይገኛሉ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ብንቀዳ አንዳንድ ጊዜ አንድ፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ባዶ እናገኛለን።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሦስተኛ ዲግሪው በውጭ አገር ሲማር፣ በጣም ደካማ የሆነ ብርሃንን ፎቶን በፎቶን እየቆጠሩ መለካት የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር። ፎቶኖች በመቁጠሪያው ላይ የሚያርፉበት ሕግና ቫይረሶች በናሙና ቀጂው ጠርሙስ ውስጥ የሚገቡበት ሕግ አንድ ነው። ሕጉን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሲሜዎን ፖይሶን እ.ኤ.አ. በ1837 አሳትሞታል። በዚህ ሕግ መሠረት አማካዩ 0.67 ከሆነ ጠርሙሱ ባዶ የመሆን ዕድሉ፣ 2.718ን ወደ ነጌቲቭ 0.67 ኃይል ከፍ በማድረግ ይገኛል። ውጤቱ 0.51 ነው። ይኸውም ከሁለት ጊዜ አንዴ ልጁ ሳይታይ ያልፋል ማለት ነው።

ውጤቱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም ሁለት ነገሮች ያሻሽሉታል። የመጀመሪያው መደጋገም ነው። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ለአራት ሳምንታት ብንመረምር፣ አራቱም ባዶ የመሆናቸው ዕድል 0.51 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ 0.07 ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው የበሽታው መስፋፋት ነው። የተያዙት አሥር ሲደርሱ የአንድ ሊትር አማካይ 6.7 ይሆናል፤ ጠርሙሱ ባዶ የሚሆነውም ከ800 ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። በተግባር በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ ብዙ ቫይረስ ይባክናል። ከአሥሩ ዘጠኙ ይጥፉ ብንል እንኳ አሥሩ ሰዎች የአንዱን ያህል ምልክት ይሰጣሉ፤ መቶው ደግሞ የአሥሩን ያህል። ከላይ እንዳየነው መቶ ሰዎች ተይዘውም አንድ ሽባ ላይታይ ይችላል። የፍሳሹ ጠርሙስ ከሐኪሙ ዓይን የሚቀድመው በዚህ ልዩነት ነው።

ከጠርሙስ ወደ ማስረጃ

ናሙናው ቤተ ሙከራ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ቫይረሱን በጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ማሰባሰብ ነው። ለፖሊዮ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በኬሚካል ረዳትነት ፈሳሹን በሁለት ንብርብር መለየት ነው። ዘይትና ውኃ እንደሚለያዩ ሁሉ ፈሳሹ በሁለት ሲከፈል ቫይረሶቹ በአነስተኛው ክፍል ይከማቻሉ፤ ግማሽ ሊትሩ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ቀጥሎ ቫይረሱ እንዲራባ በሕያዋን ሴሎች ላይ ይደረጋል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። በፍሳሽ ውስጥ ከፖሊዮ ሌላ ብዙ የአንጀት ቫይረሶች አሉ። ስለዚህ የፖሊዮ ቫይረስ ወደ ሰው ሴል የሚገባበት «በር» የተሰጣቸው የአይጥ ሴሎች ተዘጋጅተዋል። ሌሎቹ ቫይረሶች በአብዛኛው በሩን መጠቀም ስለማይችሉ ሲቀሩ ፖሊዮ ግን ገብቶ ይራባል፤ ሴሎቹም ሲሞቱ በአጉሊ መነጽር ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ ፒ.ሲ.አር. የሚባለው ነው። የቫይረሱ ዘረመል አር.ኤን.ኤ. ከሆነ በቅድሚያ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ይገለበጣል። ከዚያም በእያንዳንዱ የሙቀት ዙር የምንፈልገው ቁራጭ በእጥፍ ይባዛል። ከ10 ዙር በኋላ አንዱ 1,024፣ ከ40 ዙር በኋላ ደግሞ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ ይሆናል። መሣሪያው ብርሃን ማየት የሚጀምርበት ዙር የመነሻውን ብዛት ይነግረናል። አንድ ናሙና በ25ኛው፣ ሌላው በ35ኛው ዙር ላይ ቢታይ፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል የሚበልጥ ዘረመል ነበረው ማለት ነው። ሆኖም ፒ.ሲ.አር. የሞተውን ቫይረስ ቁራጭና ሕያውን ቫይረስ አይለይም። ይህን መዘንጋት ወደ ስሕተት ይመራል።

በመጨረሻም የተገኘው ቫይረስ የዘረመል ፊደላት ይነበባሉ። የፖሊዮ ቫይረስ ሲራባ የግልበጣ ስሕተት ይሠራል። 900 ያህል ፊደላት ባሉት በአንደኛው የሽፋን ፕሮቲን ዘረመል ላይ በዓመት አንድ በመቶ ገደማ፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ ፊደላት ይለወጣሉ። ይህ ሰዓት ነው። ቫይረሱ ከየትኛው አገር ቫይረስ ጋር እንደሚዛመድና ከዘመዱ ከተለየ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ከፊደላቱ ልዩነት ይሰላል።

አንድም ሕመምተኛ ያልነበረበት ወረርሽኝ

ይህ ሁሉ በተግባር ሲውል ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤል የሆነው በግልጽ ያሳያል። አገሪቱ በ1988 የፖሊዮ ወረርሽኝ ካጋጠማት በኋላ ከ1989 ጀምሮ ፍሳሿን በቋሚነት ትመረምር ነበር። ራሃት በኔጌቭ በረሃ፣ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከቤርሼባ በስተሰሜን የምትገኝ የበደዊን ዐረቦች ከተማ ናት። ሚያዝያ 9 ቀን 2013 (በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.) ከዚህች ከተማ ፍሳሽ በተቀዳ ናሙና ውስጥ ዓይነት 1 የተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። ተመራማሪዎች ቀደም ሲል ወደተቀመጡት ናሙናዎች ሲመለሱ ቫይረሱ ከየካቲት ወር ጀምሮ በአካባቢው እንደነበረ አወቁ። ዘረመሉ ሲነበብ የፓኪስታን ቫይረስ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ተመሳሳይ ቫይረስ በ2012 መጨረሻ በግብፅ፣ በካይሮ ፍሳሽ ውስጥም ታይቶ ነበር።

የሚያስደንቀው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ በእስራኤል አንድም ሽባ የሆነ ልጅ አልነበረም። ልጆቹ በአብዛኛው ተከትበዋል። ታዲያ ቫይረሱ እንዴት ተዛመተ? መልሱ በክትባቱ ዓይነት ላይ ነው። ከ2005 ጀምሮ በዚያች አገር ይሰጥ የነበረው በመርፌ የሚሰጠው፣ የተገደለ ቫይረስ ያለበት ክትባት ብቻ ነበር። ይህ ክትባት በደም ውስጥ ጠንካራ መከላከያ ስለሚፈጥር ልጁን ከሽባነት በሚገባ ይጠብቃል። በአንጀት ውስጥ የሚፈጥረው መከላከያ ግን ደካማ ነው። የተከተበ ልጅ ራሱ ሳይታመም ቫይረሱን በአንጀቱ አራብቶ ሊያስተላልፍ ይችላል። በአፍ የሚንጠባጠበው፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ግን አንጀትን ጭምር ይዘጋል።

በዚህ ምክንያት የጤና ባለ ሥልጣናቱ ከባድ ውሳኔ ቀረበላቸው። ሕመምተኛ በሌለበት አገር ወላጆችን «ጤነኛና የተከተበ ልጃችሁን እንደገና አስከትቡ» ማለት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ክትባት የሚጠቅመው ለዚያ ልጅ ሳይሆን ላልተከተበው ሕፃን፣ የመከላከል አቅሙ ለደከመው ጎረቤት ነው። ማስረጃቸውም ከቦይ የተቀዳ ጠርሙስ ፍሳሽ ብቻ ነበር። ቢሆንም በነሐሴ 2013 ዘመቻው ተጀመረ፤ ከ900,000 የሚበልጡ ልጆች የአፍ ክትባት ወሰዱ። የዘመቻው ውጤት የተለካውም በዚያው በፍሳሹ ነው፤ ቫይረሱ የሚገኝባቸው ናሙናዎች እየቀነሱ ሄደው በ2014 ጠፉ። በዚያ ወረርሽኝ ሽባ የሆነ ልጅ አልተመዘገበም።

ዝናብና በርበሬ

ከቁጥር ጋር የሚሠራ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። በአንድ ሊትር ውስጥ የተገኘው ቫይረስ ካለፈው ሳምንት በሦስት እጅ ቢያንስ በሽታው ቀንሷል ማለት ነው? የግድ አይደለም። በበጋ ቀን ጣቢያው 15,000,000 ሊትር ተቀብሎ በአንድ ሊትር 60 የዘረመል ቅጂ ተገኘ እንበል። በክረምት የዝናብ ጎርፍ ወደ ቦዩ ገብቶ ፍሳሹ 45,000,000 ሊትር ሲደርስ በአንድ ሊትር 20 ተገኘ። ሁለቱን ብናባዛ በሁለቱም ቀናት የዕለቱ ድምር 900,000,000 ነው። የተለወጠው ውኃው እንጂ በሽታው አይደለም። ቁስ አካል አይጠፋም የሚለው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ስለዚህ ከናሙናው ጋር የፍሳሹ መጠን አብሮ መለካት አለበት።

የፍሳሽ መለኪያ በሌለበት ቦታ ሌላ ዘዴ አለ። በርበሬን የሚያጠቃ፣ ሰውን ግን የማይጎዳ አንድ የዕፀዋት ቫይረስ አለ። ከበርበሬ በተሠሩ ምግቦች አማካይነት ስለሚበላ በሰው ሰገራ ውስጥ እጅግ በብዛት ይገኛል። ብዛቱ የሚያመለክተው በናሙናው ውስጥ ምን ያህል የሰው ሰገራ እንዳለ ስለሆነ፣ የምንፈልገውን ቫይረስ ለእርሱ በማካፈል የዝናቡን ውጤት በከፊል ማረም ይቻላል። ማዕዳቸው ከበርበሬ የማይለይ አንባቢያን ይህን መለኪያ የሚወዱት ይመስለናል።

ከፖሊዮ ወደ ኮቪድ፣ እንደገናም ወደ ፖሊዮ

ይህ ሙያ ለብዙ ዓመታት በፖሊዮ ባለሙያዎች ዘንድ ብቻ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲነሣ ግን በመላው ዓለም ተስፋፋ። በኔዘርላንድ የአመርስፎርት ከተማ ፍሳሽ ውስጥ መጋቢት 5 ቀን 2020 የቫይረሱ ዘረመል ተገኘ፤ በከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተመዘገቡት ከስድስት ቀናት በኋላ ነበር። ይህ ቅድሚያ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ሰዎች በፍጥነት በሚመረመሩበት ከተማ ፍሳሹ የሚቀድመው በጥቂቱ ነው፤ ምርመራ በማይዳረስበት ግን ብዙ ሊቀድም ይችላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የተከሰተው ነገር ደግሞ ጥሩ ትምህርት ሰጥቷል። በ2022 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ያልተከተበ አንድ ወጣት በፖሊዮ ሽባ ሆነ። ቫይረሱ ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 ነበር። በአፍ ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ፣ ያልተከተቡ ሰዎች በበዙበት ማኅበረሰብ ከሰው ሰው እየተላለፈ ሲቆይ የማሽመድመድ ኃይሉን መልሶ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ባለሙያዎች ለኮቪድ ምርመራ ተቀድተው የነበሩ የፍሳሽ ናሙናዎችን ሲመረምሩ፣ ወጣቱ ከመታመሙ በፊት በተቀዱት ውስጥም የፖሊዮ ቫይረስ አገኙ። ናሙናው ነበረ፤ ስለ ፖሊዮ የጠየቀው ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት በለንደን ዓይነት 2 ቫይረስ በፍሳሽ ውስጥ ሲገኝ አንድም የታመመ ሰው ሳይጠበቅ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላሉ የከተማዋ ልጆች ተጨማሪ ክትባት እንዲሰጥ ተወሰነ።

ቧንቧ በሌለበት አገር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ነገር አስቀድሞ ይፈልጋል፤ ፍሳሽን የሚያሰባስብ መስመር። በአገራችን አብዛኛው ሕዝብ የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ከሚወስደው መስመር ጋር ያልተያያዙ ቤቶች ብዙ ናቸው። የጉድጓድ መጸዳጃ ምስጢሩን በጉድጓዱ ያስቀራል። ዋናውን መስመር ብቻ ብንመረምር የምንሰማው ቧንቧ የገባላቸውን ሠፈሮች ድምፅ ነው። በሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ቧንቧ ባልገባበት ነው።

ይህም ቢሆን ሥራው አይቻልም ማለት አይደለም። የፖሊዮ ባለሙያዎች መስመር በሌላቸው ከተሞች ከክፍት ቦዮችና የሠፈር ፍሳሽ ከሚቀላቀልባቸው ወንዞች ናሙና ይቀዳሉ። እንደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ያሉ ወንዞች የከተማ ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ። ጉድጓድ የሚመጥጡ መኪናዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉበት ቦታም ከብዙ ሠፈር የመጣ ድብልቅ ይገኝበታል። ነገር ግን በክፍት ወንዝ ላይ ስሌቱ ይከብዳል። ምን ያህል ሰው ወደ ወንዙ እንደሚለቅ አይታወቅም፤ ዝናብ ያቀጥነዋል፤ ፀሐይና ሙቀት ቫይረሱን ቶሎ ያደክሙታል። ስለዚህ በወንዝ ናሙና ውስጥ ቫይረስ መገኘቱ ጠንካራ ማስረጃ ሲሆን፣ አለመገኘቱ ግን ደካማ ማስረጃ ነው። ይህን ልዩነት ጠንቅቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በሶማሌ ክልል አሥር ሰዎች በተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ተጠቅተዋል። አፍሪካ ከተፈጥሮ ፖሊዮ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2020 ቢረጋገጥም፣ ከ2019 ወዲህ ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 ቫይረስ በአገራችን ልጆችን ሽባ አድርጓል። የክትባት ሽፋን ዝቅ ባለበት አካባቢ ሁሉ የ156ቱ ሰዎች ታሪክ ሊደገም ይችላል።

ስለማያውቀውና ስለማይናገረው

ፍሳሽ ማን እንደታመመ አያውቅም። ይህ ድክመትም ብርታትም ነው። ብርታት የሚሆነው የ100,000 ሰው ፍሳሽ ሲመረመር የማንም ስም ስለማይነሣ፣ የማንም ፈቃድና ገመና ስለማይነካ ነው። የአሥር ቤት ቦይ ለብቻው ቢመረመር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ውጤቱ ሠፈርን፣ አንዳንዴም ቤተሰብን ለይቶ ሊያስነቅፍ ይችላል። ስለዚህ ናሙና የሚቀዳበት ነጥብ የምሕንድስና ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ምርጫ ነው።

ፍሳሽ የሕመምተኞችን ቁጥርም በትክክል አይናገርም። አንዱ ሰው ከሌላው በሺህ እጅ የሚበልጥ ቫይረስ ሊያስወጣ ስለሚችል ከአንድ ናሙና ተነሥቶ «በከተማው 340 ሕመምተኞች አሉ» ማለት አይገባም። ከአንድ ነጠላ ቁጥር ይልቅ በተከታታይ ሳምንታት ቁጥሩ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለው ይበልጥ ይታመናል። ፍሳሽ ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ ወዴት መሄድ እንዳለበት፣ ክትባቱስ በቅድሚያ የትኛው ሠፈር መድረስ እንዳለበት ያመለክታል። ጠቋሚው ባመለከተበት አቅጣጫ የሚሄድ ከሌለ ደግሞ ልኬቱ ከንቱ ነው። በራሃት ቁም ነገሩ ቫይረሱ መገኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥር አምነው ሕመምተኛ ሳይጠብቁ የተነሡ ሰዎች መኖራቸው ነው።

በዚህ ሥራ ባዮሎጂስቱ ሴሉን ያዘጋጃል፤ ኬሚስቱ ንብርብሩን ይለያል፤ የሒሳብ ባለሙያው ዕድሉን ያሰላል፤ የውኃ መሐንዲሱ ፍሰቱን ይለካል። የፋኩልቲያችን ተማሪዎች በየክፍሉ ተለያይተው የሚማሩት ትምህርት በአንድ ጠርሙስ ፍሳሽ ውስጥ ይገናኛል ማለት ነው። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ለጉድጓድ መጸዳጃ አገር የሚሆን የናሙና ዘዴ የሚያበጅ ቢገኝ፣ ትርፉ እግሩ ሳይዝል የሚያድግ ልጅ ነው።

ለአንባቢ የተተዉ ጥያቄዎች

1. 500,000 ሕዝብ ባለበት ከተማ እያንዳንዱ ሰው በቀን 120 ሊትር ውኃ ቢለቅና 20 ልጆች በፖሊዮ ቢያዙ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ ስንት ቫይረስ ይጠበቃል? አንድ ሊትር ናሙና ባዶ የመሆን ዕድሉስ ስንት ነው?

2. የፒ.ሲ.አር. መሣሪያ ባለፈው ሳምንት በ33ኛው፣ በዚህ ሳምንት በ30ኛው ዙር ቫይረሱን ቢያይ የዘረመሉ ብዛት በስንት እጥፍ ጨመረ? ውጤቱን ከማመናችን በፊት ስለ ዝናቡ ምን መጠየቅ አለብን?

3. በምትኖሩበት ሠፈር የፍሳሹ ውኃ የት ይገናኛል? የማንንስ ቤት ይዞ፣ የማንን ቤት ትቶ ይመጣል?